የጣሊያን ቤት ስንለው የኖርነው ቤት ልስኑ ሲወርድ

ጥያቄው የኔ ነው፤ ስለዚህ ከኔ ልጀምር።

ዘንድሮ ክረምቱ የአያቴን ቤት የኋላ ግድግዳ ልስን አወረደው። ቤቱ ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር ነው፤ ከገበያው ብዙም አይርቅም። ፎቅ ነው። ከፊቱ የእንጨት ሰገነት አለው። ሰገነቱን የተሸከሙት አራት ቋሚዎች ሲሆኑ አንዱን ምስጥ ከእግሩ ጀምሮ በልቶታል። ሰፈሩ በሙሉ የጣሊያን ቤት ነው የሚለው። እኔም ባጃጅ ስሳፈር ጣሊያን ቤቱ ጋ አውርደኝ እያልኩ ነው የኖርኩት።

ልስኑ ሲወርድ ታዲያ ድንጋይ አልወጣም። ጡብም አልወጣም። ጭቃ ነው የወጣው። ቋሚና ማገር፣ ማገሩ በልጥ የታሰረ፣ መሃሉ በጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረገ። ጣቴን ሰደድ አደረግኩበት፤ የጤፍ ጭድ ይዞ ወጣ። ጣሊያን ስንለው የኖርነው ነገር ሁለት ጣት የማይሞላ ሲሚንቶ ኖሯል። እሱም አሁን ጓሮ ተከምሯል።

ፎቶ አንስቼ ኢንተርኔት ላይ የምንወያይበት መድረክ ላይ ለጠፍኩ። ጣሊያን ጭቃ ቤት ይሠራ ነበር እንዴ? ካልሠራስ ይህን ቤት ማን ሠራው? ጅማ ውስጥ የጣሊያን የምንላቸው ቤቶች ስንቶቹ የእውነት የጣሊያን ናቸው? የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። ሦስት አራት ሰው ይመልሳል ብዬ ነበር፤ 31 መልስ መጣ። ሙሉውን ማንበብ የታከታቸው ዘመዶቼ አሳጥረህ ጻፍልን ስላሉኝ እነሆ። ብዙም አላጠረም።

1. የመጀመሪያው መልስ ግማሹ ሰላምታ ነው። ጸሐፊው ለኔም ለቤተሰቤም ጤና ከተመኘ በኋላ ነገሩ ጭራሽ እንደማያጠራጥር ነገረኝ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጅማ የጣሊያን የደቡብ ምዕራብ ግዛት መቀመጫ ነበረች። መሥሪያ ቤቱንም፣ ሲኒማውንም፣ የሹማምንቱን መኖሪያም የሠሩት እነሱ ናቸው። ያላመነ እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ሄዶ ይይ ባይ ነው። አያቱ በዚያን ጊዜ ለግንባታው ድንጋይ ይሸከሙ እንደነበርም ጨመረ። ይህቺን ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

2. ሁለተኛዋ በሐሳቡ ተስማማች። ቀጥላም ቤቱ ይሸጥ እንደሆነ ጠየቀች። አይሸጥም።

3. ነገሩ የተጠመዘዘው እዚህ ነው። ጸሐፊው ዕድሜውን በግንበኝነት የጨረሰ የጅማ ቆጪ ሰፈር ሰው ነው። ሰላምታ ብሎ ነገር የለም። ፎቶውን አጉልቶ ካየ በኋላ የጣሊያን ሥራ ከመሠረቱ እንደሚታወቅ ጻፈ፦ ጥርብ ድንጋይ፣ በማልታ የተያያዘ፣ ግድግዳው ክንድ የሚያህል። የኔ ግድግዳ ግን ከስንዝር ብዙም አይበልጥ። ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠኝ። እንጨቱ በመጥረቢያ የተጠረበ ነው ወይስ በመጋዝ የተሰነጠቀ? ምስማሩስ ክብ ነው ወይስ ባለ አራት ማዕዘን?

ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ቋሚዎቹ ላይ የመጥረቢያ ምልክት አለ፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ፣ ዓይን ባያየው እጅ የሚያውቀው። የሰገነቱ ወለል ግን በመጋዝ የተሰነጠቀ የቀረሮ ጣውላ ነው። ምስማሩም ሁለቱም ዓይነት አለበት። ይህንን ስጽፍለት ቤቱ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ሦስት ጊዜ የተሠራ ነው ብሎ ዘጋው።

4. አራተኛው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። በጨዋ ደንብ ነው የገቡት። ጣሊያን ጅማ ሲደርስ ባዶ ሜዳ አላገኘም አሉ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነግሠዋል። ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ አገራቸውን ራሳቸው ያስተዳድሩ ነበር። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ የዚያ ዘመን ገበያ ነው። ነጋዴዎቹ አፍካላና ጀበርቲ (የኦሮሞና የሰሜን ሙስሊም ነጋዴዎች) ናቸው፤ ሲራራው ከጅማ ተነስቶ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ ይደርሳል፣ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ ምጽዋ። ኋላ ደግሞ መንገዱ በሸዋና በሐረር ወደ ዘይላ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1917 ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ የመኑ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የህንዱ ባንያን ቡና ፍለጋ ወደ ደቡብ ምዕራብ መዝለቁ በረታ።

ከዚያ ወዲህ የጻፉት ነው እኔን የያዘኝ። የመኪና መንገድ ከመድረሱ በፊት ጅማ የሚገባው ዕቃ ሁሉ የሚገባው በበቅሎ ጀርባ ነው። በቅሎ ደግሞ የምትችለው ይታወቃል። ምስማር ትችላለች። ማጠፊያ ትችላለች። ቆርቆሮም እንደምንም ትችላለች። ሲሚንቶና ፌሮ ለአንድ ቤት የሚበቃ ማመላለስ ግን አይታሰብም። ስለዚህ ከበቅሎ ዘመን የተረፈ ቤት አጥንቱ የጅማ እንጨት፣ ሥጋው የጅማ ጭቃ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ምስማሩ፣ ማጠፊያውና ክዳኑ ነው። ሲሚንቶው የመጣው ከካሚዮን ጋር ነው፤ ካሚዮኑ የመጣው ጣሊያን ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ከሠራው መንገድ ጋር። የቤቱን ዕድሜ ማወቅ የሚፈልግ መጀመሪያ ዕቃው በምን ተጭኖ እንደመጣ ይጠይቅ፤ ምክራቸው ይህ ነበር።

ይህንን መልስ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

5. ወዲያው ግን አንዱ በንዴት ገባ። መምህሩ ሲራራውን ሲያሳምሩት የዘለሉት ነገር አለ ብሎ። በዚያ መንገድ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ብቻ አይደለም ያለፈው። ሰው አልፏል። ታስሮ፣ ተሸጦ። የጅማ ገበያ ትልቅ የባሪያ ገበያ እንደነበር እያወቁ ስለ ሰገነት ውበት ማውራት ነውር ነው አለ። ቃሉ ከዚህም የከረረ ነበር።

6. ስድስተኛው በዚህ ተናዶ የጅማን ስም ማጥፋት ነው ሲል መለሰ። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ያሉት ሁለቱን ለማስታረቅ የገቡ ናቸው፤ አንዱም አልተሳካለትም።

10. መምህሩ ተመለሱ። አምስተኛው ልክ ነው አሉ። መዝለል እንዳልነበረባቸው አምነው፣ የቤተ መንግሥቱም የነጋዴውም ሀብት ከቀረጥ፣ ከቡናና ከሰው ሽያጭ የተጠራቀመ መሆኑን ራሳቸው ጻፉት። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እንዲህ ያለ መልስ መድረካችን ላይ ብዙ አይታይም። አምስተኛውም ለዘብ ብሎ ጋሼ ብሎ ጠራቸው። ስድስተኛው አልተመለሰም።

11. ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያነሳው ይሄ ነው። ልጆች ሆነን ከትምህርት ቤት ወስደውናል፤ አስጎብኚው የህንድ አናጢዎች ሥራ እንደሆነ ይተርክልን ነበር። አስራ አንደኛውም ይህንኑ ደገመና ሰገነቱን፣ የእንጨት ደረጃውን፣ ፈልፍለው ያስጌጡትን እንጨት አስረጅ አደረገ።

12. ይህች አልተዋጠላትም። ከአንድ ግንድ ጠርቦ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚያወጣ የጅማ አናጢ የሰገነት ዘንግ መቅረጽ አቃተው ወይ ነው ጥያቄዋ። የህንድ ባለሙያ ቢመጣም ብቻውን አልሠራውም። ከዚህ በኋላ ሁለት መልሶች በርጩማ ድሮ በምን ያህል ይሸጥ እንደነበር ሲከራከሩ አለቁ። አልፌዋቸዋለሁ።

15. ከሐረር የጻፈው ሰው አሳቀን። እነሱም ዘንድ ጠያቂ የማይጠፋበት የራምቦ ቤት የሚባል አለ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፤ የሞተው በ1891። ቤቱን ግን ያሠራው የህንድ ነጋዴ ነው፤ ራምቦም አልኖረበትም። ቤቱ በነጋዴው ስም ቢጠራ ማን ይጎበኘዋል ብሎ ቀለደ። ቀጥሎ ደህና ነገር ነገረን። የሐረሬ ቤት ወደ ውስጥ ነው የሚያየው፤ ሁሉ ነገሩ ግቢው ውስጥ ነው። ህንዶቹ ያመጡት ወደ መንገድ የሚያይ ቤት ነው፦ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ፣ መንገዱ ላይ ሰገነት። ሱቅ ያለው ሰው ቤቱን ወደ መንገድ ማዞሩ አይቀርም።

16. ጎንደሬው ተከተለ። እነሱ ጋ ደግሞ ፖርቱጋል ነው። የፋሲልን ግንብ ያየ ሁሉ ፖርቱጋል ሠራው ይላል። ፋሲል ግን ኢየሱሳውያንን (የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን) አባረው ነው ከተማቸውን የቆረቆሩት። በአባታቸው በሱስንዮስ ዘመን ከህንድ የመጣ ግንበኛ የኖራ ድንጋይ እንዳገኘ የኢየሱሳውያኑ ጽሑፎች ያነሳሉ፤ እጁ የህንድ፣ ሐሳቡ ከብዙ ቦታ፣ አሠሪው ኢትዮጵያዊ። እኛ አገር ድንጋይና ኖራ ያየ ሰው ፈረንጅ የት ሄደ ይላል አለ፣ ትንሽ በምሬት።

17. ድሬዎች እንደምታውቋቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተወለደች ከተማ፣ ከዚራ በቀጥታ ጎዳናና በዛፍ ጥላ፣ ደቻቱን ሲሻገሩ መጋላ በጠባብ መንገድ። አንዱን የባቡር ኩባንያው ነድፎታል፣ ሌላውን ነጋዴው። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ ባቡር ያላየ ከተማ ስለ ኪነ ሕንጻ ምን ያወራል ብሎ ጨመረበት።

18. መልሱን የሰጠው ጅምኛ አልማረውም። ባቡሩ ጅቡቲ ባዶውን ይወርድ ነበር ወይ? ቡናው ከየት የመጣ መሰለህ? ቀጥለው አሥር የሚሆኑ የሳቅ ምልክቶች አሉ። የድሬው ሰውም የሐረርን ቡና ጠርቶ ትንሽ ታገለ።

19. ግንበኛው ተመለሰ፤ ያለ ሰላምታ። ሰው ሁሉ ስለ ሰገነቱ ሲያወራ የሰገነቱን ሥራ ማንም አልነገረህም አለኝ። ከሁሉም የወደድኩት መልስ ነውና ሰፋ አድርጌ ላውራው።

ጭቃ ጥሩ ነገር ነው። ሙቀትም ብርድም አያስገባም፣ ርካሽ ነው፣ እጅህ ላይ ነው። ጠላቱ አንድ ነው፣ ውኃ። ጎጆ ቤት ይህን ያውቃል። ሣሩ ቁልቁል ወርዶ ከግድግዳው አልፎ ስለሚዘረጋ ዝናቡ ርቆ ነው የሚወድቀው። ቆርቆሮ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ቆርቆሮ የለንደን መርከብ ወደብ መሐንዲስ የነበረው ሄንሪ ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1829 የፈጠራ መብት ያወጣበት ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲህ መርከብ የደረሰበት ሁሉ ደርሷል። (ይህን እንኳ ግንበኛው አይደለም፣ መምህሩ ናቸው ከታች የጨመሩት።) ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ነው፤ ክብ ቤት አይወድም። አራት ማዕዘን ቤት ይፈልጋል። እንደ ሣር ቁልቁል መውረድም አያስፈልገውም፤ ዘንበል ካለ ይበቃዋል። ቤቱ ወደ ጎን እንዲረዝም፣ ወደ ላይም እንዲወጣ መንገድ የከፈተው እሱ ነው። ግን ፎቅ ላይ የተቀመጠ ቆርቆሮ ታች ያለውን ጭቃ ከጅማ ዝናብ አያድንም። ነፋስ ዝናቡን አግድም ይዞት ይመጣል። ታዲያ ምን ይደረግ? ሰገነት ይወጣል፣ ከሥሩ በረንዳ ይሆናል፣ የሰገነቱ ክዳን ከሁሉም አልፎ ይዘረጋል። በረንዳ ማለት የጭቃ ግድግዳ ጃንጥላ ነው አለ። የኔ የኋላ ግድግዳ የወረደው ሰገነት ስለሌለው ነው። የፊቱ ደግሞ እስከ ዛሬ አንድ ስንጥቅ የለውም።

ወጥቼ አየሁ። የለውም።

በረንዳው ሌላም ሥራ አለው። ጀንፈል ቡና ሲሰጣ ቆይቶ ዝናብ ሲመጣ ጆንያውን ጎትቶ የሚያስገቡት እዚያ ነው። ሚዛኑ የሚሰቀለው እዚያ ነው። ገበሬው በሐሙስ ጠዋት ተራውን የሚጠብቀው እዚያ ነው። ይህን ሲል አንድ ነገር ትዝ አለኝና ላይ ቤት ወጥቼ የላላውን ጣውላ በቢላ አነሳሁት። በጣውላውና በወራጁ መሃል አቧራ ሞልቷል። አቧራው ውስጥ የቡና ገለባ አለ፣ ደርቆ እንደ ወረቀት የሳሳ፤ ከገለባው ጋር አምስት ስድስት ፍሬ ቡና። ፍሬዎቹ ግራጫ ሆነዋል። አንዱን ነከስኩት። ምንም አይልም።

20. ቀጥላ የጻፈችው እህት አባቷ የመን ናቸው፤ የጅማ መርካቶ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሱቅ ነበራቸው። እሳቸው ከኤደን በጅቡቲ አድርገው መጥተው፣ መጀመሪያ ጨርቅ፣ ኋላ ስኳርና ጨው ሸጠው፣ ቡና ገዝተው ኖሩ። ቤታቸው እንደኔው ነበር፦ ታች ተጣጣፊ የጣውላ በር ያለው ሱቅ፣ ከኋላ መጋዘን፣ ጓሮው የበቅሎ ማሰሪያ፣ ላይ መኖሪያ። ሰገነቱ ግን ፊቱ በቀጭን እንጨት መረብ የተሸፈነ ነበር። እናቷ እዚያ ተቀምጠው ገበያውን ሙሉ ያዩ ነበር፤ ገበያው እሳቸውን አያይም። አባቷ ሮሻን ይሉት ነበር። ካደገች በኋላ ጅዳ ሄዳ በዓይኗ አየችው፤ ምጽዋና ሱዋኪንም እንዲሁ ነው አለች፣ ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይ የተሠራ ቤት፣ ፊቱ ላይ የተንጠለጠለ እንጨት። ዓረብ አገር ዛፍ ስለሌለ ጣውላው ከህንድ በጀልባ ነበር የሚመጣው። የጅማ ዓረብ ግን ጫካ መሃል ነው ያለው፤ አባቷ ሮሻናቸውን በዋንዛ አሠሩት። አናጢው የጅማ ሰው ነበር፤ ሮሻን አይቶ አያውቅም። አባቷ መሬት ላይ በከሰል ሥለው አሳዩት።

21. ይህን መልስ ተከትሎ አንዱ ስለ ዜግነቷ የማይሆን ነገር ጠየቃት። አስተናባሪው አጠፋው፤ እኔ ግን ቀድሜ አይቼዋለሁ። እሷ በአንድ መስመር መለሰች፦ የተወለደችው እዚሁ፣ የተዳረችው እዚሁ፣ አባቷም የተቀበሩት እዚሁ ነው።

22. ከዚህ በኋላ የቃላት ጦርነት ተነሳ። እንዴት እንደጀመረ አላውቅም። አንዱ ፎቅ፣ ሱቅና መጋዘን ከዓረብኛ ናቸው አለ። ሌላው የጣሊያኑን ደረደረ፦ ፌሮ፣ አርማታ፣ ሶሌታ፣ ማልታ፣ ሊሾ፣ ኮርኒስ፣ ላቫንዲኖ፣ ባንኮኒ። በጣውላ ተፋጠጡ። ከጣሊያንኛ ነው፣ የለም ከዓረብኛ ነው። አንድ ሦስተኛ ሰው ዓረቦቹ ራሳቸው ከጣሊያን ወሰዱት ብሎ ሁለቱንም አስኮረፈ። በረንዳ ሲመጣማ ፖርቱጋሉም፣ ህንዱም፣ እንግሊዙም የኔ ባይ ሆኖ ተገኘ። ግንበኛው ገብቶ እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ጻፈ። ምሰሶ፣ ማገር፣ ወጋግራ፣ ምርጊት ሲል በአባቱ ቋንቋ ነው፤ ሒሳብ ሊቀበል ሱቅ ሲገባ ዓረብኛ ይናገራል፤ ዕቃ ሲያዝ ጣሊያንኛ ይናገራል። ሦስቱንም ቋንቋ ግን አልተማረም።

25. ሌጎስ ሠርቶ የተመለሰ ሰው የሩቁን አመጣው። ሌጎስ ውስጥ የብራዚል ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ1835 ብራዚል ባሂያ ውስጥ ባሮች ካመፁ በኋላ፣ ነጻ የወጡ ብዙ አፍሪካውያን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተመለሱ። ከነሱ መሃል አናጢና ግንበኛ ነበረበት። ለጌቶቻቸው ሲሠሩት የኖሩትን ቤት፣ ያንኑ ቅስትና ያንኑ ጌጥ፣ አሁን ለራሳቸው ሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1894 የተመረቀው የሺታ ቤይ መስጊድ በዚያው በብራዚል ስልት የተሠራ ነው።

26. ሌላው ዛንዚባርን አነሳ። የኦማን ሱልጣን፣ የህንድ ነጋዴ፣ የቅርንፉድ ንግድ፣ የተፈለፈለ በር። እ.ኤ.አ. በ1883 የተሠራው ቤተል አጃይብ የተባለው ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ እየታደሰ ሳለ ከፊሉ መደርመሱንም ነገረን። ምስጥ የበላውን ቋሚዬን አስቤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

27. ይሄኛው ሌጎስና ዛንዚባር ከጅማ ጋር ምን አገናኛቸው ብሎ ተቆጣ። መድረኩ ላይ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። እኔ ግን አናጢው መሬት ላይ በከሰል የተሣለለትን ሮሻን ሳስብ መገናኘታቸው አልከበደኝም።

28. የኪነ ሕንጻ ተማሪዋ ዘግይታ ብትመጣም ጥያቄዬን በቀጥታ ይዛ ነው የመጣችው። ፈረንጅ አራዳ ስሙ ራሱ ይናገራል አለች፤ ለፈረንጅ የተለየ። ጣሊያን በያዘው ከተማ ሁሉ ነጩንና ጥቁሩን ለየብቻ ለማስፈር ነበር ዕቅዱ። አዲስ አበባ ላይ የአራዳን ገበያ ነቅሎ ወደ ዛሬው መርካቶ የወሰደው ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር በትዳር መልክ እንዳይኖር የሚከለክል ሕግ አወጣ። የጅማ የጣሊያን ቤቶች ስለዚህ በአብዛኛው ፈልገው የራቁ ናቸው፦ ግቢያቸው ሰፊ፣ መሠረታቸው ድንጋይ፣ ከመንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያሉ። ገበያው አፍ ላይ ሰገነቱን መንገድ ላይ የሰቀለ ቤት ግን የነጋዴ ቤት ነው። ሲሚንቶው ከየት መጣ ለሚለው፣ የነበረን ቤት ይዞ ልስን መቀባት አዲስ ከመሥራት ይረክስ ነበር። ብረትና ሲሚንቶ በስዊዝ ቦይ በኩል ተከፍሎበት የሚመጣ ውድ ዕቃ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ሳቀችብኝ። ልስኑን ያስለሰነው የገዛ አያቴ ነው፤ ከነጻነት በኋላ፣ ቡናው ጥሩ ዋጋ ያወጣ ዓመት። ጭቃ ቤት ውስጥ ቡና ገዢ እንግዳ መቀበል አሳፍሮት። የጣሊያን ቤት የተባለውም በጣሊያን ዘመን አይደለም። አገሩ ሳይመለስ የቀረ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ የታችኛውን ክፍል ለጥቂት ዓመታት ተከራይቶት ነበር። ኪራዩን ሁልጊዜ ያዘገይ ነበር አለች። እንግዲህ እኛም የራምቦ ቤት አለን።

29. የመጀመሪያው ጸሐፊ ተመለሰ። ሰላምታው የለም። መልሶቹን በሙሉ አንብቦ ከፍቶታል። ሁላችሁም የጣሊያን አይደለም፣ የጣሊያን አይደለም ስትሉ አያቴን እያጠፋችሁት ነው አለ። እነዚያ የድንጋይ ቤቶች አሉ፤ ድንጋዩን ከወንዝ ዳር ተሸክሞ ያመጣው፣ ጠርቦ ያቆመው የእሱ አያት ነው። ትከሻው ላይ ጠባሳ ነበረው። ስሙ የትም አልተጻፈም። ቤቱ የጣሊያን መባሉ ቀርቶ የነጋዴ ሲባል ለሱ ያው ነው፤ የአያቱ አልተባለም።

ለዚህ የሚሆን መልስ ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ይቅርታ ብቻ ጻፍኩ። ግንበኛው የአያቱን ስም ጠየቀው፤ ነገረው። ግንበኛው ያውቃቸው ኖሯል፤ የሙያው መነሻ የሆነው ሰው የተማረው ከሳቸው ነው። ሁለቱ ከዚያ በኋላ በውስጥ መስመር ነው ያወሩት።

30. ሁለተኛዋ መጣች። ቤቱን አፍርሰን በብሎኬት ብንሠራው ይሻላል፣ ካልሆነም ዋጋ ቁረጥ አለችኝ።

31. የመጨረሻው ግንበኛው ነው። የኋላውን ግድግዳ በሲሚንቶ እንዳልነካው አስጠነቀቀኝ። ሲሚንቶው ጭቃውን አያስተነፍሰውም፤ ውኃ ከኋላው ገብቶ መውጫ ሲያጣ ነው እንዲህ የተላቀቀው። ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ቀይ አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጬ፣ እስኪሸት ድረስ እንዳቦካው፤ ስድስት ጆንያ ጭድ ይበቃል። ሐሙስ ገበያ ስለሆነ እሁድ ይመጣል። ምስጥ የበላውን ቋሚ የሚተካ ጥድም ራሱ ይዞ ይመጣል፤ ባሕር ዛፍ እንዳልገዛ።

ጭቃው አምስተኛ ቀኑን ይዟል። መሽተት ጀምሯል፤ ጎረቤት እያማረረ ነው።